የጋሽ ሰይድ መኪና ጣሪያ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ የውጭ አገር ታርጋ የለጠፈ ማደሪያ መኪና ቆሞ አየሁ። ማደሪያ መኪና የምለው ባለቤቶቹ የሚተኙበትን፣ የሚያበስሉበትን፣ አንዳንዶቹም ገላቸውን የሚታጠቡበትን ነው፤ ካምፐር ይባላል። የደሴ ሰው «ቤቱን ያዘለው መኪና» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልሆነልኝም። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረኝ ሰውዬ የተማሪ ደብተር በብብቴ ሸጉጬ ዙሪያውን ዞርኩት፤ ጎኑ ላይ የተጠቀለለውን የሸራ ጥላ አየሁ፣ ጎንበስ ብዬም የውሃ ማጠራቀሚያው የት እንደተሰቀለ ፈለግሁ። በተከፈተው በር የጋዝ ምድጃና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የጎተተኝ ያ ሽታ ነው።

አጠገቤ ባጃጁን ያቆመው ሰው በአንድ ወቅት ያስተማርኩት ነው፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል።

«ቲቸር፣ ሊገዙት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ብገዛውስ?»

«ይግዙታ! ከባለቤትዎ ጋር የተጣሉ ቀን ኩታበር ወስደው ያድሩበታል» ብሎ ሳቀና ወዲያው ፊቱን ሰብሰብ አደረገ። «ግን ኮምቦልቻ ለቅሶ አልሄዱም እንዴ? ጋሽ ተፈራ፣ የብየዳ ቤቱ፣ አርፈው ትናንት ተቀበሩ እኮ።»

ጋሽ ተፈራ ባላጠፉት ጥፋት ስማቸው ጠፍቶ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህንንም ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው፣ በተራው ልናገር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ደሴ የተመደብኩ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ከሱሪው ጋር የማይሄድ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ፣ ሁልጊዜ ይታዩ ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር። የፒያሳ ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ስለሚያዘፍኑ፣ ካሴት መግዛት የማይችል ሰው አዲስ የወጣውን ዘፈን ጥግ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰምቶ መሄድ ይችላል። ጎረምሳው ሁሉ ጂንስ ጃኬት ለባሽ ነበር፤ ብርዱም፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግም ለጃኬት ይመቹ ነበር። ዛሬ በዚያው ጥግ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሙዚቃውንም ሁሉም በየጆሮው ሰክቶት ይሄዳል። ከክፍል ወጥቼ በዚያ ሳልፍ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ አንድ ነገር ሳላስረዳ አልለቀውም ነበር። ጭጋግ እንዴት እንደሚፈጠር። የመኪና ፍሬን ቁልቁለት ላይ ለምን እንደሚግል። ሰዎቹ ታግሠው ይሰሙኛል። ወሎ ውስጥ «መምህር» ሲባል ሰው ከወንበሩ ይነሳ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሚነሱት ለእኔ ይመስለኝ ነበር።

ፍቅሬ መኪና ነበር። መኪና የለኝም፣ መንዳትም አልችልም፤ ግን ከየጋዜጣውና ከየመጽሔቱ እየቆረጥኩ ሥዕል የምለጥፍበት ወፍራም ደብተር ነበረኝ። በግራ ገጹ ማደሪያ መኪኖች፣ በቀኝ ገጹ ጣሪያቸው የሚከፈት የስፖርት መኪኖች። ለምን ሁለቱን ብቻ እንደመረጥኩ ተማሪዎቼ ይጠይቁኝ ነበር። አንደኛው ቤቱን በሙሉ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ጣሪያውን እንኳ ጥሎ ይሄዳል፤ በአንዲት ክፍል ለሚኖር ደሞዝተኛ ሁለቱም ያስቀናሉ እላቸው ነበር። ታዲያ በዚያ ዓመት ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ፈረንጆች በማደሪያ መኪና መጥተው፣ መለዋወጫ እስኪመጣላቸው አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆሙ። አስተርጓሚ ሆኜ ከሥራ መልስ እዚያ መዋል ጀመርኩ። ጠረጴዛው ዝቅ ሲል አልጋ ይሆናል። ከአልጋው ሥር ድስት፣ ከድስቱ ሥር የሽንኩርት መሳቢያ። በእግር ሲረገጥ ውሃ የሚተፋ ቧንቧ። ሴትዮዋ የጋዝ ምድጃው ላይ ሾርባ ሲሠሩ ባልዬው አልጋው ላይ ሆነው ካርታ ያያሉ። እንደዚያ የምደሰትበት ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ሲሄዱ አንድ ወፍራም መጽሔት ሰጡኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ስለ ክፍት የስፖርት መኪኖች የተጻፈ። ቆዳ ወንበር ያላቸው ቀያይ ባለሁለት መቀመጫዎች፣ ጣሪያቸው እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ከኋላ የሚቀመጥ ነጫጮች። ለሳምንታት ትራሴ ሥር አስቀምጬው ተኛሁ።

የምኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጋሽ ሰይድ የተባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ጋሽ ሰይድ የሰርግ መኪና ነጂ ናቸው። ክሬም ቀለም የነበራት፣ ቀይ የቆዳ ወንበር ያላት አራት በር አሮጌ የጣልያን መኪና ነበረቻቸው። በደሴና በኮምቦልቻ ያገባ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በርሷ ነው ያገባው ማለት ይቻላል። ሰርግ በሌለ ቀን ከኩታበር በኩል ሕመምተኛ ሲያመጡባት፣ የቸገረውን ሳያስከፍሉ «አላህ ይማርህ» ብለው አውርደው ይሄዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚያጥቧት ውሃ አሙቀው ነበር። ስቄባቸው አውቃለሁ። «ብርድ አትወድም» አሉኝ፣ ከምራቸው።

ከዚያ አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለልጁ ሰርግ ከአዲስ አበባ ጣሪያ የሌለው ነጭ መኪና አስመጣ። የቪዲዮ ካሜራ ገና መግባቱ ነበር። ሙሽሮቹ ከወገባቸው በላይ ለሕዝብ እየታዩ፣ ቬሉ በነፋስ እየተንሳፈፈ፣ ካሜራው ከፊት ፒካፕ ላይ ሆኖ እየቀረጸ ሲሄዱ ሰው አጥር ላይ ወጥቶ አየ። በሳምንቱ ጋሽ ሰይድን ለጥር ቀጥረዋቸው ከነበሩት ሦስት ሙሽሮች ሁለቱ ውላቸውን ተዉ። ሦስተኛው ሙሽራ ደግሞ «የተከደነች ናት፤ ለካሜራ አትመችም» ብሎ ማመንታት ያዘ።

«መምህር» አሉኝ አንድ ማታ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው፣ «ያ ጣሪያ የሌለው መኪና ስንት ያወጣል?»

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎና እኔ ተሸጠን ጎማውን አንገዛም።»

«አስተግፊሩላህ! አንተስ የተማርክ ነህ። እኔን ማን ይገዛኛል?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

መጽሔቱን አወጣሁ። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ይህን መቼም አልክድም። በእርሳስ እያሳየሁ በእርሳቸው መኪናና በሥዕሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ጣሪያ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። እንደ ሁልጊዜውም በደንብ አስረዳሁ።

ጋሽ ተፈራ የጋሽ ሰይድ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ላሜራ እየቀጠቀጡና እየበየዱ የሚኖሩ፣ ጂቡቲ መንገድ የተጋጨ መኪና ሁሉ ወደ እርሳቸው የሚጎተትላቸው ሰው። አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም ቢሆኑም በዓል አይነጣጠሉም፤ ጋሽ ተፈራ ለገና ሁለት በግ ያሳርዱ ነበር፤ አንዱን ለቤታቸው፣ አንዱን ለሰይድ ቤተሰብ በእስላም ጎረቤት እጅ። መኪናዋን ወስደን ስናስረዳቸው ዞሯት። ከዚያ ጣሪያውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ።

«ይሄ ክዳን ብቻ አይመስለኝም» አሉ። «ሰይዶ፣ የጭነት መኪና ቢሆን ከሥሩ ሻንሲ አለው፤ ያ ይሸከመዋል። ይቺ ከሥሯ ባዶ ናት። ሁሉም የተያያዘው እዚህ ላይ ነው።»

«ፈረንጅ ሠርቶታል እኮ ተፌ። መጽሔት አለን።»

ጋሽ ተፈራ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መጽሔቱን ተቀበሉ። ገጾቹን ቀስ ብለው ሲገልጡ አንድ ትንሽ ንድፍ ላይ ቆሙ። የመኪና አካል ነው፤ ከወለሉ ሥር ወፋፍራም ቀይ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ከጎኑ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ አለ። «መምህር፣ ይሄ ቀይ ምንድነው? ምን ይላል?»

አነበብኩት። ከአሥር ቃል አራቱን አላውቀውም። ሁለቱ ሰዎች ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ ከጋራዡ ሠራተኞችም ሥራ አቁመው የመጡ ነበሩ። ከእኔ የሚፈለገው «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ከመጣሁ ጊዜ ጀምሮ በዚያ አገር ያቺን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም።

«ስለ ቀለም ነው» አልኩ። «ከሥር የሚቀባ የዝገት መከላከያ ቀለም።»

«በቃ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የተማረ ሰው ነግሮሃል። ቁረጥ።»

ጋሽ ተፈራ ንድፉን አንዴ ደግመው አዩት። «እሽ» አሉ። «እኔማ መቼ ተማርኩና።»

ቆረጡት። ጠርዙን አለስልሰው፣ ቧንቧ ዙሪያውን በይደው፣ ቀለም ቀብተው ሲጨርሱ፣ እውነቴን ነው፣ ከመጽሔቱ የወጣች ትመስል ነበር። እኔና ጋሽ ሰይድ ይዘናት ወደ ደሴ ስንወጣ የመንገዱ ባሕር ዛፍ ሽታ ሁሉ እላያችን ላይ ነበር። ቆባቸውን ነፋስ ወስዶት መኪና አቁመው እየሮጡ ሲያመጡት እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። «ማሻአላህ መምህር! ዕድሜህን ያርዝመው! አንተ ባትኖር እኔ ምን አውቄ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዛሬ የዚያን ቀን ነገር ሲነሳ ትከሻዬን ይከብደኛል።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ያመነታ የነበረው ሦስተኛው ሙሽራ አይቷት ተስማምቷል፤ ሰርጉ እሁድ ነው። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ትልቁን መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ያንን ጽሑፍ ቃል በቃል ፈታሁት። ለምን? ውሸቴ እየቆረቆረኝ ነበር፤ እውነት ስለ ቀለም ሆኖ ባገኘው ደስ ይለኛል ብዬ ነው። የሚለው ይህ ነበር፦ ትንንሽ መኪኖች ሻንሲ የላቸውም፤ ጥንካሬያቸው ከጣሪያው ጋር በአንድ የተያያዘው አካላቸው ነው፤ ጣሪያው ሲነሳ ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ብረት ካልገባ መካከላቸው ይጎብጣል። ቀዩ መስመር ብረቱ ነው። በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። የጫማ ካርቶን ክዳኑ ሲጣበቅበት ብትጠመዝዙት እምቢ ይላል፤ ክዳኑን ብታነሱት በሁለት ጣት ይጣመማል። ይህን እኔ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምር ነበር። በካርቶን።

ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። የጋሽ ሰይድ ክፍል ከእኔ ክፍል አሥር እርምጃ ነው። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ለጎረቤት ስለ መኪናዋ እያወሩ ነበር። «መምህሩ ነው ያሰበው» ይላሉ። አርብ እነግራቸዋለሁ አልኩ። አርብ ሪባን ገዝተው መጡ። ቅዳሜ ደግሞ ምናልባት ብዙ አትጎብጥም አልኩ። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ቀስ ብለው ይነዳሉ አልኩ። ሙሽራዋ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ፣ በዚያ ጥምዝምዝ ዳገት፣ በዚያች መኪና እንደምትመጣ እያወቅሁ ቅዳሜ ማታ በደንብ ተኛሁ።

እሁድ ፒያሳ ከሰርጉ አዳራሽ በር ላይ ከሰዉ ጋር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ስትመጣ ከሩቅ አየኋት፤ መካከሏ ዝቅ፣ ፊትና ኋላዋ ቀና ብሏል። የፊት መስታወቷ ዳገቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጋሽ ሰይድ ፊታቸው አመድ ሆኗል። ሚዜው ዘሎ ወረደና የሙሽራዋን በር ሳበ። እምቢ አለ። ሌላኛውም እምቢ አለ። አካሉ ሲጎብጥ በሮቹን እንደ ጉጠት ይዟቸዋል። ካሜራው ይቀርጻል። በመጨረሻ ሁለት ሚዜዎች ሙሽራዋን በብብቷና በእግሯ ይዘው በበሩ ላይ አሻግረው አወረዷት፤ ቬሉ ተቀደደ።

«ኧረ እንደ ጤፍ ጆንያ አወረዷት!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል።

«ምን ታድርግ፤ ከገንዳ እኮ ነው የወጣችው!» አለ ሌላው፤ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሽ ሰይድ መኪና ስሟ «ገንዳው» ሆኖ ቀረ። ሙሽራዋ አልተጎዳችም፤ ግን አለቀሰች፤ እናቷም ጋሽ ሰይድን በሕዝብ ፊት ሰደቧቸው። በዚያች መኪና ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላገባም።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድን። ጋሽ ሰይድ «እጅህ ነው ያጠፋኝ! እንዴት ብትቆርጠው ነው?» ብለው ጮኹ። ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር» አሉ በዝግታ፣ «ያ ጽሑፍ ምን ነበር ያለው?»

እስከዚያች ሰዓት ጥፋቴ በትዕቢት የተነገረ ውሸትና በፍርሃት የተደበቀ ዝምታ ነበር። የሁሉን የከፋውን ያን ጊዜ ነው የጨመርኩት። «ስለ ቀለም ነው እንዳልኩት» አልኩ። «ምናልባት... አቆራረጡ ላይ ትንሽ ስህተት ሳይኖር አይቀርም።»

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን ፊታቸው ላይ መልሰው ወደ ብየዳቸው ሄዱ።

የሆነውን ባጭሩ ልናገር፤ ማርዘሙ አሁንም ያቅተኛል። ጋሽ ሰይድ መኪናዋን በየክፍሏ ሸጠው፣ በሃምሳ ዓመታቸው የሰው ጭነት መኪና እየነዱ ሚሌ በረሃ መመላለስ ጀመሩ። «ተፈራ እንደቆረጠው» የሚል ቀልድ ጋራዥ ለጋራዥ ዞረ፤ መኪና የሚያመጣላቸው እየቀነሰ ሄዶ ጋሽ ተፈራ የመስኮትና የአልጋ ብረት ወደ መበየድ ወረዱ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ጋሽ ተፈራ በመጀመሪያው ገና በጉን እንደ ልማዳቸው አሳርደው ላኩ፤ ጋሽ ሰይድ መለሱት። እኔ ግን ከሁለቱም ጋር ሰላም ነበርኩ። ቤት ሠርቼ ከወጣሁ በኋላም በየዒዱ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ቴምርና ሻይ እቀምስ ነበር፤ ጋሽ ተፈራም መናኸሪያ ሲያገኙኝ «መምህር፣ ደህና ነህ?» ብለው ያልፉ ነበር። ከዚህ ሌላ አንድም ቀን አንድም ነገር አላሉኝም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ከባጃጁ ሰውዬ ወሬውን ሰምቼ፣ በቀጥታ ቧንቧ ውሃ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ነው የለዩት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ትናንት ነው።»

«ቀብሩ ላይ ነበሩ?»

«አልሄድኩም» አሉ። በወሎ የሰው ቀብር መቅረት ምን እንደሆነ አገሬው ያውቃል፤ የጠላትም ቢሆን። «አንድ ቀን 'ሰይዶ አጥፍቻለሁ፣ አፉ በለኝ' ቢለኝ ኖሮ ወላሂ ሬሳውን እሸከም ነበር። አላለኝም። ሐቄን ይዞ ሄደ።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። የንድፉን፣ የቀለሙን፣ የመዝገበ ቃላቱን። ስጨርስ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ያሻሹ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሐሙስ።»

«ሰርጉስ?»

«እሁድ።»

ጣታቸውን አወጡ። «አርብ» አሉና አጠፉ። «ቅዳሜ።» አጠፉ። ከዚያ ሌሎቹን ጣቶች አዩዋቸው፣ ዓመቶቹን የሚቆጥሩባቸው ይመስል፤ ግን ተዉት። «ያ ረቢ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። «በጉን መለስኩበት እኮ። በጉን።» እንባቸው በጢማቸው ወረደ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተነስ» አሉኝ፣ ቆሜ እያለሁ። «ክንዴን ያዝ። ኮምቦልቻ እንወርዳለን።»

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ያንን ዳገት ቁልቁል ስንወርድ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም። ድንኳኑ ገና አልተነሳም፤ ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። የጋሽ ተፈራ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች ጥቁር ለብሰው ከልጆቻቸው መካከል ተቀምጠዋል። ጋሽ ሰይድን ሲያዩ ተነሱ።

«ሰይዶ? መጣህ?»

«መጣሁ እህቴ። ዘግይቼ መጣሁ» አሉ፤ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ድንኳኑም አብሮ አለቀሰ። ልቅሶው ሲበርድ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ይሄ ሰው የሚናገረው አለ። ልጆቹም ይስሙ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ተደርድሮ በተቀመጠ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ያን ዕለት ግን ምሳሌ አልጨመርኩም። ተፈራ ትክክል ነበሩ አልኩ። ጠይቀውኝ ነበር፣ ዋሸኋቸው አልኩ። እውነቱን ካወቅሁ በኋላም ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ ጣልኩት አልኩ። ታላቁ ልጃቸው፣ እርሱም እጁ በብየዳ የተቃጠለ ሰው፣ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ አቀረቀረ።

ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላቸውን ሰብስበው አተኩረው አዩኝ።

«ቤታችንን ታውቀው ነበር?» አሉ።

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?»

«ደሴ» አልኳቸው።